ወደ ግራ ሲታጠፍ ከቀኝ የኋላ ጎማ የሚሰማ የመፋተግ ድምፅ፦ ኮሮላ፣ ደሴ

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2004 ቶዮታ ኮሮላ አለኝ፤ ሞተሩ 1.3፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየር ነው። በቅርቡ ከአዲስ አበባ ገዝቼ ነው ወደ ደሴ ያመጣሁት።

ችግሩ ይህ ነው። በሀረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ መንገዱ ወደ ግራ በታጠፈ ቁጥር ከቀኝ የኋላ ጎማ አካባቢ አንድ ነገር ሲፋተግ ይሰማል። ድምፁ ከጎማው ዙረት ጋር እኩል ይሄዳል፤ መንገዱ ሲቃና ወዲያው ይጠፋል። ወደ ቀኝ ስታጠፍ ምንም የለም።

ሦስት ጋራዦች አሳይቻለሁ። አንዱ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ተሸካሚ) ነው አለኝ፤ ሌላው የፍሬን ሸራ ነው አለ፤ ሦስተኛው ደግሞ የኋላ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ማርሽ) ይፈታ አለኝ። መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ያየልኝ ግን የለም። ሁሉም ዋጋ ነግረውኛል፤ ሦስቱም ዋጋዎች ይለያያሉ። የምጭነው ቤተሰቤን ነው፤ ያንን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ጭንቀቴ ይገባዋል። ከየት ልጀምር?

ሐይቅ ዳር

ኩሽኔታ ነው ወንድሜ። ወደ ግራ ሲታጠፍ ከቀኝ የሚጮኽ ሁልጊዜ የቀኙ ኩሽኔታ ነው። ቀይረውና ተገላገል።

የኮምቦልቻ መካኒክ

ወንድሜ ጦሳ ሥር፣ አብሽር። ይህ በሥርዓት ከተፈለገ የሚገኝ ነገር ነው፤ ነገር ግን አንድም ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ይህን ሁሉ አንብበው።

በመጀመሪያ ዲፈረንሻሉን እንተወው። ያንተ ኮሮላ የሚነዳው በፊት ጎማዎቹ ነው፤ ዲፈረንሻሉ ከፊት ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር በአንድ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ከኋላ ሁለት ጎማ የተሸከመ ምሰሶ እንጂ የሚፈታ ዲፈረንሻል የለም። ይህን የሌለ ዕቃ ሊፈታልህ ዋጋ የጠራ ሰው መኪናህን አልተመለከተም፤ ወደ እርሱ አትመለስ። ይህን ስጽፍ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም በእንዲህ ዓይነት ምክር ገንዘባቸውን ጨርሰው፣ እውነተኛው ጉድለት ሳይነካ በቁልቁለት የሚወርዱ ሰዎችን በየጊዜው አያለሁ።

አሁን ወደ ድምፁ። መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ አካሉ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ክብደቱ ከግራ ጎማዎች ተነሥቶ በቀኞቹ ላይ ይወድቃል። የቀኙ ሞላ ይጨመቃል፤ ጎማው ወደ ፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ ወደሚሸፍነው ላሜራ) ውስጥ ከፍ ብሎ ይገባል። በዚያው ቅጽበት የቀኙ ኩሽኔታም ከወትሮው የበለጠ ይሸከማል። ስለዚህ «ወደ ግራ ሲታጠፍ ከቀኝ ይሰማል» የሚለው ብቻውን ጎማውንም ኩሽኔታውንም ያስጠረጥራል። ሐይቅ ዳር ያለው ሊሆን ይችላል፤ «ሁልጊዜ» ያለው ግን ልክ አይደለም።

የሚለያዩት በሌላ ነው። ያረጀ ኩሽኔታ ያጉረመርማል። ቀጥ ባለ መንገድም ይሰማል፤ ከሐርቡ ወደ ከሚሴ ባለው ሜዳ ላይ መስኮት ዘግተህ ብትሄድ ጆሮህን ሲሞላው ታውቀዋለህ። ሲታጠፍ ይብስበታል እንጂ ከመታጠፍ አይወለድም። መኪናው ባዶ ሆነ ሙሉ ግድ የለውም። የጎማ መፋተግ ግን ጭነት ይጠይቃል፤ ከኋላ ሰው ከሌለ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፤ የፍጥነት መግቻ ላይ ስትወጣና ስትወርድም ድንገት ይሰማል። ፍሬን ከሆነ ደግሞ ፔዳሉን በቀስታ ስትነካው ድምፁ ይለወጣል፤ ወይ ይጠፋል ወይ ይብሳል። ይህን ሙከራ ሜዳ ላይ፣ ቀስ ብለህ፣ ማንም በሌለበት አድርገው። ቁልቁለት ላይ አደራ።

ከዚያ በእጅ ፈትሸው። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁም፤ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ግራና ቀኝ አስደግፍ፤ አንደኛ ማርሽ አስገባ። የሚነዱት የፊት ጎማዎች ስለሆኑ ማርሹ እነሱን ይይዝልሃል፤ ስለዚህ የእጅ ፍሬኑን ለቅቀህ የኋላውን ጎማ ማሽከርከር ትችላለህ። የኋላውን በክሪክ አንሣ፤ ከሥሩ ጠንካራ ማቆሚያ አድርግ። ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር እጅም ጭንቅላትም አይገባም።

ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነቅንቀው። ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታውን ጠርጥር። ቀጥሎ በአንድ እጅህ እያሽከረከርክ ሌላውን መዳፍህን በሞላው ላይ አሳርፍ። የተበላ ኩሽኔታ ሸካራነቱን በሞላው በኩል ወደ መዳፍህ ይልከዋል፤ ጆሮ የማይሰማውን እጅ ይሰማዋል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ጎማውን አውልቀህ በባትሪ ብርሃን ተመልከት። የተፋተገ ነገር ምልክቱን ይተዋል፤ ጎማው ትከሻ ላይ የሚያብረቀርቅ ቀለበት፣ ፓራፋንጎው ከንፈር ላይ የተላጠ ቀለም፣ የላስቲክ ሽፋኑ ላይ ጥቁር ጭረት። ምልክቱ ካልታየህ የጎማውን ትከሻ ዙሪያውን ጠመኔ ቀባው፤ ያንኑ ሰው አሳፍረህ ያንኑ መታጠፊያ ሂድና ተመለስ። ጠመኔው የተጠረገበት ቦታ መልሱ ነው።

እስከዚያ ይህን ንገረኝ፦ ባዶውን ይሰማል? የፍጥነት መግቻ ላይስ? የጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ስንት ነው? በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ወረቀትስ ስንት ይላል?

የደላንታ መንገድ

ጋሼ መካኒክ ስለ ኮሮላው በቂ ነግረውታል። እኔ ፒክአፕ ለምትነዱ ልጨምር፤ ርዕሱን አይታችሁ የምትገቡ ትኖራላችሁና።

ሥራዬ ከደሴ በኩታበር ወደ ወገል ጤና ነው፤ በክረምት ጭቃው አራቱንም ጎማ ያስነዳል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አስፋልት ከገባ በኋላ «ስታጠፍ የኋላ ጎማው መሬቱን ይፍቀዋል፤ መኪናው ይታነቃል» ይል ነበር። በማቆሚያ ቦታ መሪውን እስከ መጨረሻው ሲያዞር ይብስበታል። አንዳችም የተበላሸ ነገር አልነበረም፤ አራት ጎማ መንጃው ሳይፈታ ቀርቶ ነው። እንደ ሃይሉክስ ባሉ በፈለግን ጊዜ ብቻ አራት ጎማ በሚነዱ መኪኖች ከፊትና ከኋላ መካከል ልዩነቱን የሚያቻችል ዲፈረንሻል የለም። ሲታጠፉ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ልዩነቱ ይተነፍሳል፤ ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መውጫ ስለሌለው ጎማውን ይፍቃል፤ ካምቢዮውንም ያስጨንቃል። አስፋልት እንደገባችሁ ወደ ሁለት ጎማ መልሱት።

ሌላው ጠጠር ነው። ዲስክ ባለው ጎማ፣ ከዲስኩ ጀርባ አቧራ የምትከላከል ስስ ቆርቆሮ አለች። በጠጠር መንገድ አንዲት ድንጋይ በዲስኩና በእሷ መካከል ከተሰካች ጆሮ የሚሰነጥቅ የብረት ፍጭት ታሰማለች። ጥቂት ወደኋላ ሂዱና እንደገና ወደፊት፤ ብዙ ጊዜ ራሷ ትወድቃለች። ካልወደቀች ጎማ ማውለቅ ነው። ቆርቆሮዋ ተጣማ ዲስኩን ከነካች ደግሞ በእጅ ቀስ ብሎ ማቃናት ይበቃል።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጠየቁኝን አንድ በአንድ አየሁ።

ብቻዬን ስሄድ አይሰማም። ከኋላ ሦስት አዋቂ ሲቀመጥ ይሰማል፤ ሻንጣው ውስጥ ዕቃ ካለ ይብሳል። ቧንቧ ውሃ አካባቢ የፍጥነት መግቻ ላይ ሰው ጭኜ ሳልፍም አንድ ጊዜ «ሽክ» ይላል። ፍሬን ስነካ ድምፁ አይለወጥም። ቀጥ ባለ መንገድ ጸጥ ያለ ነው።

በበሩ ምሰሶ ላይ ያለው ወረቀት 195/60 አር 15 ይላል። አራቱም ጎማዎች ላይ የተጻፈው ግን 205/65 አር 15 ነው። የሸጠልኝ ሰው «ከመሬት ከፍ እንዲል ነው» ብሎኝ ነበር።

የወልድያ ጎሚስታ

ይህን ቁጥር ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

195/60 አር 15 ማለት፦ የጎማው ስፋት 195 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 60 በመቶ፣ ቸርኬው 15 ኢንች። የ195 60 በመቶ 117 ሚሊሜትር ነው። 15 ኢንች 381 ሚሊሜትር ነው። ከላይም ከታችም ጎን ስላለ 117 ሁለት ጊዜ ተደምሮ አጠቃላይ ቁመቱ 615 ሚሊሜትር ይሆናል።

አሁን ያሠሩልህን እንየው። የ205 65 በመቶ 133 ሚሊሜትር ከሩብ ነው። በሁለት ሲባዛና 381 ሲደመርበት 647 ሚሊሜትር ተኩል። ጎማህ በቁመት ከ32 ሚሊሜትር በላይ ጨምሯል። መኪናው የተነሣው በግማሹ ነው፤ 16 ሚሊሜትር ያህል። ያው 16 ሚሊሜትር ግን ከላይም ከፓራፋንጎው ክፍተት ተወስዷል። በስፋት ደግሞ በያንዳንዱ በኩል 5 ሚሊሜትር። ሻጩ የነገረህ «ከፍታ» የመጣው ጎማው መተንፈሻ ከሚያስፈልገው ቦታ ነው።

ሌላም መዘዝ አለው። የፍጥነት መለኪያው የሚቆጥረው ለ615 ነው። በ80 እሄዳለሁ ስትል በእውነት ወደ 84 ትሄዳለህ። ቁልቁለት ላይ ይህ ትንሽ አይደለም።

ጎማውን ስታወልቅ ቸርኬውንም ገልብጠህ እይ። ከውስጥ በኩል «ኢቲ» ከሚል ምልክት አጠገብ ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። ቁጥሩ ከፋብሪካው ካነሰ ጎማው ወደ ውጭ ወጥቶ የፓራፋንጎውን ከንፈር ይነካል፤ ከበለጠ ወደ ውስጥ ገብቶ ሞላውን ወይም አሞርዛተሩን (የሞላውን ንዝረት የሚያበርደውን) ይጠጋል። የጌጥ ቸርኬ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ሳይጠይቅ ነው የሚያሠረው።

የተፋተገውን ጎማ ትከሻና ጎን በጣትህ ዳስሰው። ቁርጥ ካለው፣ ክሩ ከታየ ወይም ያበጠ ቦታ ካለው እንዳትራራለት። የጎን ቁስል በቁራጭ አይለጠፍም፤ በእሳትም አይጠገንም። የሚለጥፍልህ ካገኘህ አታሠራ።

ሐይቅ ዳር

አዲስ ጎማ መግዛት ዛሬ ቀላል ነው እንዴ? አራት ጎማ ማለት የስንቱ ደመወዝ ነው። የፓራፋንጎውን ከንፈር ወደ ውስጥ በመዶሻ ማጠፍ ይቻላል። ከዚያ ሞላው ጥቅሎች መካከል የላስቲክ ማንሻ ማስገባት። መኪናው ከፍ ይላል፤ ድምፁ ይጠፋል። እዚህ ብዙዎች አድርገውታል፤ እየሄዱ ነው።

የኮምቦልቻ መካኒክ

ሐይቅ ዳር፣ ስለ ገንዘቡ የተናገርከው እውነት ነው፤ ስለዚህ ነው ቶሎ ያልመለስኩት። ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይከፍል ነው የምጨነቀው።

ከንፈሩን ማጠፍ በራሱ ክፉ አይደለም። በሚያውቅ ላሜራ ሠሪ፣ ቀለሙን አሙቆ፣ በቀስታ የሚደረግ ሥራ ነው። በመዶሻ ሲቀጠቀጥ ግን ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲመጣ በስንጥቁ ውሃ ገብቶ ዝገቱ ከውስጥ ይበላዋል። ላስቲኩን ግን አልቀበለውም። ሞላ የሚሠራው ሁሉም ጥቅል ድርሻውን ሲሸከም ነው። ሁለት ጥቅሎችን በላስቲክ ብትይዛቸው የእነሱ ሥራ በቀሩት ላይ ይወድቃል፤ ቀሪዎቹ ከልካቸው በላይ ይጠመዘዛሉ። መጨረሻው መሰበር ነው፤ የሚሰበረውም ሙሉ ጭኖ በመታጠፊያ ላይ ነው።

ጦሳ ሥር፣ አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። አራቱም ጎማ እኩል ተልቋል። ታዲያ ለምን በቀኝ ብቻ? ወደ ቀኝ ስትታጠፍ የግራው ለምን አይፋተግም? የጎማው ልክ ግማሹን መልስ ነው የሰጠን። በቀኝ በኩል ሌላ ነገር አለ።

መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁመህ፣ ባዶውን፣ የአራቱንም ጎማ ንፋስ አስተካክለህ፣ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር በሜትር ለካ። ግራውንም ቀኙንም። ቀኙ ካነሰ ሞላውን ከላይ እስከ ታች፣ በተለይ የታችኛውን የመጨረሻ ጥቅል፣ መቀመጫው ውስጥ ጭቃውን ጠርገህ እይ።

የመርሳ ሚኒባስ

አሰላሙ አለይኩም። እኔ ሃይስ ሚኒባስ ነው የምሠራበት፤ ከመርሳ ወልድያ፣ አንዳንዴ ውጫሌና ሐይቅ ድረስ። ይህን ሳነብ የራሴ ነገር አሳሰበኝ። የእኔም ከኋላ በግራ ይፋተጋል። ግን መታጠፊያ ላይ ብቻ ሳይሆን ፍሬን ስይዝም ይነካል። ከዚያም ቀጥ ባለ መንገድ መሪው ትንሽ ዞሮ ነው የሚሄድልኝ። ኋላዬን የተከተለ ሾፌር «መኪናህ በጎን ይሄዳል» አለኝ። ረዳቴ የጎማ ነገር ነው ይላል። ምን ትላላችሁ?

የኮምቦልቻ መካኒክ

ወዓለይኩም አሰላም። የመርሳ ወንድሜ፣ ሰው አትጫን። ይህን ካነበብክ በኋላ አንድም ተሳፋሪ አታሳፍር፤ መጀመሪያ ይታይ።

ያንተ መኪና ከኮሮላው ይለያል። ከኋላ ያለው አክስል (ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ምሰሶ) በባሌስትራ (ተደራርበው በታሰሩ የብረት ቅጠሎች የተሠራ ሞላ) ላይ ነው የተቀመጠው። የባሌስትራው ቅጠሎች በመሐላቸው በአንድ ብሎን ተያይዘዋል፤ የብሎኑ ጭንቅላት በአክስሉ መቀመጫ ላይ ባለች ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። አክስሉን ወደፊትም ወደኋላም እንዳይንሸራተት ቦታውን የምታሳውቀው ያቺ ጭንቅላት ናት። አጥብቀው የሚይዙት ግን በ«ዩ» ቅርጽ የታጠፉት ረጃጅም ማሰሪያ ብሎኖች ናቸው። የእነሱ ዳዶ ሲላላ ሸክሙ ሁሉ በመሐሉ ብሎን ላይ ይወድቃል፤ ለዚያ አልተሠራምና ይቆረጣል። ከዚያ አክስሉ በአንድ በኩል ወደኋላ ወይም ወደፊት ይንሸራተታል፤ አንዱ በሬ ከቀንበሩ ወደኋላ እንደቀረበት ጥማድ መኪናው ጠምሞ ይሄዳል። መሪህ የዞረው፣ ኋላህ ያለው ሰው በጎን ያየህ ለዚህ ነው። ጎማው ከፓራፋንጎው መሐል ወጥቶ ወደ አንዱ ጫፍ ተጠግቷል፤ ፍሬን ስትይዝ ደግሞ አክስሉ ይነቃነቃልና ይነካል።

እንዲህ አረጋግጥ። በግራ በኩል ከኋላው ጎማ መሐል እስከ ባሌስትራው የፊት ማንጠልጠያ ብሎን ለካ። በቀኝም እንዲሁ። ሁለቱ ርቀቶች እኩል መሆን አለባቸው። የማሰሪያ ዳዶዎቹ አካባቢ የሚያብረቀርቅ ብረት ወይም ቀይ የዝገት ዱቄት ካየህ ሲነቃነቅ የቆየ ነው።

እግረ መንገድህን የኋላውን ጎማ ከውስጥ በኩል ተመልከት። ታምቡሩ (የፍሬን ሸራው የሚይዘው ከበሮ) አጠገብ የዘይት እርጥበት ካለ የአክስሉ ዘይት መያዣ ላስቲክ አልቋል፤ የዲፈረንሻል ዘይት ወደ ፍሬን ሸራው እየገባ ነው። ዘይት የጠጣ ሸራ አይይዝም፤ ታጥቦም አይድንም፤ ይቀየራል።

ቪትዝ ኮምቦልቻ

ሰላም ጋሼ። እኔ መምህርት ነኝ፤ ቪትዝ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ከግቢ ወደኋላ ስወጣ መሪውን ሳዞር ከኋላ ብረት ሲፋተግ ይሰማኛል፤ ትንሽ ከሄድኩ በኋላ ይጠፋል። ዝናብ ባደረበት ቀን ነው የሚብሰው።

የኮምቦልቻ መካኒክ

ሰላም እመቤቴ። ዝናብ ባደረ ማግስት የሚሰማና ጥቂት ሲሄዱ የሚጠፋ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በታምቡሩ ላይ ያደረ ስስ ዝገት ነው፤ ሸራው ሲጠርገው ይጠፋል። አያስፈራም። በማይጠፋበት ቀን ግን፣ ወይም ጥቂት ነድተው ሲቆሙ አንዱ የኋላ ጎማ ከሌላው የበለጠ ከጋለ፣ የእጅ ፍሬኑ ገመድ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም ማለት ነው። ለሙቀቱ እጅዎን ወደ ቸርኬው አስጠግተው ይለዩ እንጂ ታምቡሩን አይንኩት፤ ያቃጥላል። ገመዱ ውስጡ ዝጎ ከሆነ ይቀየራል።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

ተገኘ።

ሜትሩ መሰከረ። በግራ በኩል ከጎማው መሐል እስከ ከንፈሩ ያለው ርቀት ከቀኙ በሁለት ጣት ያህል ይበልጣል። በዓይን ቆሜ ሳየው ግን የሚለይ አልነበረም። የቀኙን ሞላ መቀመጫ ጭቃ በሽቦ ስጠርገው የታችኛው ጥቅል መጨረሻ ተሰብሮ፣ ቁራጩ እዚያው ውስጥ ተቀምጧል። ስብራቱ ጠቁሯል፤ ትኩስ አይደለም። ኩሽኔታው ደህና ነው፤ አይነቃነቅም፤ በመዳፌም ሸካራ ነገር አልተሰማኝም። ጠመኔውም ተጠርጎ የተገኘው በውጭኛው ትከሻ ላይ ነው፤ ከንፈሩ ከውስጥ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ያበራል።

ሐይቅ ዳር ወንድሜ፣ ሐሳብህን በቅንነት እንዳቀረብክ አውቃለሁ። ግን ከንፈሩ ታጥፎ ድምፁ ጠፍቶ ቢሆን፣ የተሰበረው ሞላ ተሸፍኖ ከልጆቼ ጋር ሀረጎን ይወርድ ነበር። ይህን ሳስብ ለዚያ «ለምን በቀኝ ብቻ?» ለሚለው ጥያቄ ጋሼን እንዴት እንደማመሰግን አላውቅም።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። የቀኙን ሞላ ብቻ ልቀይር ወይስ ሁለቱንም? ጎማውስ?

የኮምቦልቻ መካኒክ

ሁለቱንም። የግራው ባይሰበርም በዕድሜ ተጎንብሷል፤ አንድ አዲስና አንድ አሮጌ ብታደርግ መኪናው ተዛንፎ ይቆማል። ያገለገለ ሞላ ካገኘህ ጥንድ ሆኖ ከአንድ መኪና የወጣ መሆኑን ሻጩን ጠይቅ፤ ነፃ ቁመታቸውን ጎን ለጎን አቁመህ አስተያይ፤ የታችኛውን ጫፍ ዝገት ፈትሽ። ሞላው የሚቀመጥበትን ላስቲክም አብረህ ቀይር፤ ዋጋው ቀላል ነው፤ ብረት ከብረት ሲገናኝ ነው ሞላ የሚቆረጠው።

የአሞርዛተሩን የታች ብሎን ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ እስከ መጨረሻው እንዳያጠብቁት ንገራቸው። ጎሚኒው (በብሎኑ ዙሪያ ያለው ላስቲክ) በተጠመዘዘበት ታስሮ ይቀራል፤ ቶሎ ይቀደዳል። መኪናው መሬት ላይ አርፎ ክብደቱን ሲይዝ ነው የሚጠበቀው።

የኋላ አላይመንት እንሥራልህ ካሉህ ደግሞ አትክፈል። በዚህ ኮሮላ የኋላው ምሰሶ አንድ ወጥ ነው፤ የሚስተካከል ብሎን የለውም።

የወልድያ ጎሚስታ

ስለ ጎማው እኔ ልመልስ። 205/65 አር 15 የዚያው ዘመን ካምሪ የሚያደርገው ልክ ነው። ያልተጎዱትን ካምሪ ላለው ሰው ሸጠህ በገንዘቡ የራስህን ልክ ግዛ፤ አንዱንም አትጥለው። የቀኝ የኋላው ግን ትከሻው ከተበላ አይሸጥም፤ ለሌላ ሰው አደጋ ነው።

ስትገዛ ከጎማው ጎን «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብብ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱ ናቸው፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ በመጋዘን አርጅቶ ሊሆን ይችላልና «አዲስ ነው» ያለህን ሻጭ ቁጥሩን አሳየኝ በለው።

የመርሳ ሚኒባስ

ጋሼ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥዎ። ለካሁት። ግራው ከቀኙ ወደኋላ ሄዷል። ወልድያ ባዶውን ቀስ ብዬ ወስጄ ሲፈታ የመሐሉ ብሎን ለሁለት ተቆርጦ ተገኘ፤ ከማሰሪያዎቹም ዳዶ በእጅ የሚዞር ነበር። ረዳቴ እስካሁን ቁራጩን ይዞ ለየሾፌሩ ያሳያል። አሁን በአዲስ ብሎን ታስሯል፤ አክስሉም ቦታው ተመልሷል። ድምፁ የለም፤ መሪውም ቀና ብሏል። ዘይትም አላየሁም፤ አልሐምዱሊላህ።

ነገ ሥራ ልጀምር ነው። የምጠብቀው ነገር አለ?

የኮምቦልቻ መካኒክ

ማሻአላህ። የማሰሪያ ብሎኖቹንስ ቀይረውልሃል ወይስ የድሮዎቹን ነው መልሰው ያሠሩት? አንዴ ላልተው የተነቃነቁ ማሰሪያዎች ጥርሳቸው ተስቦ ይሆናል፤ የድሮዎቹ ከሆኑ ዛሬውኑ አስቀይራቸው። አራቱም ማሰሪያዎች በሁለቱም በኩል ይቀየሩ።

ከዚያ መጀመሪያ ቀን ከወልድያ መርሳ ደርሰህ ስትመለስ ዳዶዎቹን በቁልፍ ድገማቸው። የባሌስትራው ቅጠሎች ጭነት ሲያርፍባቸው ይጠጋጋሉ፤ ትናንት የጠበቀው ዛሬ ይላላል። በሳምንቱ አንድ ጊዜ እንደገና፤ ከዚያ ዘይት በቀየርክ ቁጥር። ቁልፉን ለረዳትህ ስጠውና እንዴት እንደሚፈተሽ አስተምረው።

የመርሳ ሚኒባስ

የድሮዎቹን ነው ያሠሩት። አሁኑኑ ወደ መለዋወጫ ሱቅ እየሄድኩ ነው፤ ነገም ሳይቀየሩ ሰው አልጭንም።